ከሱሉልታ እስከ ሮም፤ የሻምበል አበበ ቢቂላ የዕለት መንገድ

ሰው ከቤቱ ወደ ሥራው፣ ከሥራውም ወደ ቤቱ የሚመላለስበት መንገድ በሕይወት ታሪክ ውስጥ ስፍራ ሲሰጠው እምብዛም አይታይም። የተወለደበት ቀን፣ ያገለገለበት መሥሪያ ቤት፣ የተሸለመው ኒሻን፣ ያረፈበት ዕለት ይጻፋል፤ በየማለዳውና በየምሽቱ የረገጠው አፈር ግን ሳይነሣ ይቀራል። ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ የተጻፈውና የተነገረውም አብዛኛው በዚሁ ልማድ የተቃኘ ነው። በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ያስቸግራል። ከሮም በፊት በነበሩት ዓመታት ከሱሉልታ ኮረብቶች ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ በየዕለቱ እየሮጠ ይሄድና ይመለስ እንደ ነበር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን የተዘነጋ መንገድ መነሻ አድርጎ የአበበን ሕይወት ባጭሩ መተረክ ነው። ነገሩ እኛን የሰውነት ማጎልመሻ መምህራንን በቅርብ ይመለከተናል። በዲላም ሆነ በወርቃ፣ በሌላውም የጌዴኦ ገጠር የሚያስተምር ባልደረባችን፣ በቡናና በእንሰት ተክል መካከል የሚያልፈውን ዳገትና ቁልቁለት አቋርጠው የሚመጡ ተማሪዎችን በየማለዳው ይቀበላል። እነዚህ ልጆች ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ከመድረሳቸው በፊት ምን ያህል እንደ ሠሩ ማወቅ የሙያችን ግዴታ መሆኑን ከአበበ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ አይገኝም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በዚያው ዕለት በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይካሄድ ነበር። ኢትዮጵያ ግን በዚያን ጊዜ የኦሊምፒክ ተካፋይ አልነበረችም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። አባቱ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። ገና ሕፃን ሳለ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስለ ወረረች ቤተሰቡ ጎሮ ወደሚባል ሩቅ ስፍራ ለመሰደድ ተገደደ። በኋላም ወደ ትውልድ አካባቢው ተመልሶ በእርሻ ኑሮውን ቀጠለ። አበበ በልጅነቱ የባላገር ልጅ የሚሠራውን ሁሉ ሠርቷል፤ የገና ጨዋታም ይወድ ነበር። የገና ጨዋታ ደግሞ እንደሚታወቀው ሩር እየተከተሉ ሰፊውን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ሲሮጡ መዋልን የሚጠይቅ ነው።

በ1943 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ በክብር ዘበኛ ሠራዊት በአምስተኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ተቀጠረ። ይህ መቀጠር የዕለት እንጀራ ያገኘበት ብቻ ሳይሆን፣ ከላይ የጠቀስነውን መንገድ የወለደ ነው። ለተራ ወታደር የግል መኪና የማይታሰብ ነበርና፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ በሱሉልታና በአዲስ አበባ መካከል የሚመላለሰው በእግሩ፣ ያውም በሩጫ ነበር።

መንገዱን የሚያውቅ ሰው የነገሩን ክብደት ይገነዘባል። ሱሉልታ ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ በስተ ሰሜን ትገኛለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ በተራራው ደቡባዊ እግር ሥር ተዘርግታለች። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። ከሱሉልታ የተነሣ ሰው ጠዋት ጥቂት ወጥቶ ወደ ከተማው ረዥሙን ቁልቁለት ይወርዳል። ማታ ግን ቀኑን በሰልፍና በዘብ ያሳለፈ፣ ጉልበቱም የዛለ ሆኖ ያንኑ ረዥም ቁልቁለት ዳገት አድርጎ ይወጣዋል። ስለዚህ ከባዱ ክፍል ወደ ሥራ መሄዱ ሳይሆን ወደ ቤት መመለሱ ነው። በማራቶን ውድድርም አሸናፊውን የሚለየው የመጀመሪያው እኩሌታ አይደለም፤ እግር ከደከመ በኋላ የሚቀረው መንገድ ነው። አበበ ይህንን ፈተና አሠልጣኝ ሳያዝዘው፣ ሰዓትም ሳይያዝለት፣ በየምሽቱ ያልፈው ነበር።

በሙያችን ቋንቋ እንናገረው ቢባል ነገሩ ግልጽ ነው። በከፍተኛ ስፍራ አየሩ ስስ ስለ ሆነ በዚያ የሚኖርና የሚሠራ ሰው ሰውነቱ ኦክሲጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያበዛል። ረዥም ርቀት አዘውትሮ የሚሮጥ ሰው ልቡ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ይጨምራል፤ በጡንቻዎቹም ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ። የዳገት ሩጫ ጭንና ባትን ያጠነክራል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ እግር መሬት ሲመታ የሚደርስበትን ጫና እንዲችል ያለማምዳል። ይህ ሁሉ በአንድ ወርና በሁለት ወር የሚመጣ አይደለም፤ ዓመታት ይፈልጋል። አበበ እነዚያን ዓመታት ያገኛቸው በልምምድ ሜዳ ላይ ሳይሆን በቤቱና በሥራው መካከል ነው።

ይሁን እንጂ መንገዱ ብቻውን ለሮም አላበቃውም። በዚያን ጊዜ የክብር ዘበኛን ስፖርተኞች ያሠለጥኑ የነበሩት ስዊድናዊው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ባያስተውሉት ኖሮ አበበ ፈጣን ወታደር ተብሎ በጓደኞቹ መካከል ብቻ ታውቆ ይቀር ነበር ማለት ይቻላል። ኒስካነን በሄልሲንኪ ተወልደው በስዊድን ያደጉ፣ ከጠላት ወረራ በኋላም ወደ አገራችን መጥተው በወታደር ማሠልጠኛና በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። የእርሳቸው ብልኀት የተለየ ሰው መፍጠራቸው አይደለም፤ አስቀድሞ የነበረውን ማየታቸው ነው። ካዩ በኋላ ደግሞ ለሰውየው ያልነበረውን ሰጡት። ርቀትን ከፍጥነት ጋር ማፈራረቅን፣ ጉልበትን ለመጨረሻው ምዕራፍ ማስቀመጥን፣ ተፎካካሪን ማጥናትን፣ በሰዓት መመራትን አስተማሩት።

የዚህ ትምህርት ውጤት በቁጥር ይታያል። አበበ በ1952 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ማራቶን ሲሮጥ 2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ፈጀበት። አንድ ወር ያህል ቆይቶ እዚያው አዲስ አበባ ሲደግም በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ልዩነቱ ከ18 ደቂቃ በላይ ነው። ሁለተኛው ሰዓት ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር፤ ያውም አየሩ ስስ በሆነበት ከተማ። በአንድ ወር ውስጥ ልብና ሳንባ እንዲህ ሊለወጡ አይችሉም። የተለወጠው አሯሯጡ፣ ማለት ጉልበቱን የሚያከፋፍልበት ዘዴ ነው። ጉልበቱን የሱሉልታ መንገድ አስቀድሞ አዘጋጅቶት ነበር።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የሮም ማራቶን ወደ ማታ ተጀመረ። መነሻው በካምፒዶሊዮ ኮረብታ፣ መድረሻውም በቆንስጣንጢኖስ የድል በር ሥር ነበር፤ ከመንገዱም ከፊሉ በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ላይ ያልፋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። አበበ 11 ቁጥርን ለብሶ በባዶ እግሩ ሮጠ። ስለ ባዶ እግሩ ብዙ ተረት ተነግሯል፤ እውነቱ ግን ቀላል ነው። ለሯጮች የቀረበው ጫማ ለእግሩ ስላልተመቸው፣ ያለ ጫማም ይለማመድ ስለ ነበረ፣ ሳይጫማ መሮጡ ተመረጠ። ውሳኔው የድህነት ምልክት ወይም ለዓለም የታሰበ ትርኢት አልነበረም፤ የሚያውቀውን የመረጠ ባለሙያ ውሳኔ ነበር።

በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ከእርሱ ጋር የቀረው ሞሮኮአዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ብቻ ነበር። ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ነቅለው የወሰዱት ሐውልት በዚያን ጊዜ በዚያው ጎዳና አጠገብ ቆሞ ነበር። አበበና አሠልጣኙ መንገዱን አስቀድመው ሲያጠኑ ፍጥነት የሚጨመርበትን ስፍራ በዚያ አካባቢ ወስነው ስለ ነበር፣ አበበ እዚያ ሲደርስ ተፈትልኮ ወጣ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድም ገብቶ ከዚያ በፊት ከነበሩት ሰዓቶች ሁሉ የፈጠነውን አስመዘገበ፤ ራዲ 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ተከተለው። ከጥቁር አፍሪካ የመጣ ስፖርተኛ በኦሊምፒክ ወርቅ ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ያ ሐውልት ወደ አክሱም የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።

አበበ ወደ አገሩ ሲመለስ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ኒሻን ሸልመው የአሥር አለቃነት ማዕረግ ሰጡት። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክብር ዘበኛ አዛዦች ያካሄዱት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከሸፈ። አበበ በነገሩ ባይኖርበትም ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተፈታ። ከዚያም ወደ ሩጫው ተመልሶ በአቴንስ፣ በጃፓን ኦሳካና በቼኮዝሎቫኪያ ኮሺሴ በተካሄዱ ማራቶኖች ተከታትሎ አሸነፈ። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. በቦስተን አምስተኛ ወጣ፤ እስከ መጨረሻው ሮጦ ያላሸነፈበት ዓለም አቀፍ ማራቶን ይህ አንዱ ብቻ ነው።

ወደ ቶኪዮ ከመሄዱ በፊት በመስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አወጣ። ውድድሩ የሚካሄደው ጥቅምት 11 ቀን ስለ ነበረ በመካከሉ ያለው ጊዜ 35 ቀን ብቻ ነው። ከሕመሙ እንዳገገመ ልምምዱን ጀመረ። በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገባ፤ እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ ከ4 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሁለተኛ ሆነ። ሌሎቹ ገና ስታዲዮም ሳይደርሱ አበበ በሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ለዚህም ድል ማዕረግ፣ ኒሻን፣ ቤትና አንዲት ቮልስዋገን መኪና ተሸለመ።

የቮልስዋገኗ ነገር ትንሽ ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። አገር ለልጇ በጊዜው የምትሰጠው ታላቅ ክብር ከእግር መንገድ ማውጣት ነበር። ማንም በአበበ ስፍራ ቢሆን በደስታ ይቀበለው ነበር፤ ዕድሜውን በእግሩ የተመላለሰ ሰው መኪና ማግኘቱ የሚያስቀና እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። ሆኖም የሱሉልታው ሯጭ እንደ ማንኛውም ባለ መኪና ሰው ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ሩጫው ለብቻው ጊዜ የሚመደብለት ሥራ እንጂ የዕለት ኑሮው ክፍል አልነበረም።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰለፈ፤ ግን እግሩ ቀድሞ ተጎድቶ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሮጠ ለማቋረጥ ተገደደ። ድሉን የሥራ ባልደረባው ማሞ ወልዴ ወሰደው፤ ኢትዮጵያም የማራቶንን ወርቅ ለሦስተኛ ጊዜ ተከታትላ አገኘች። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን በሌሊት ቮልስዋገኑን ሲነዳ መኪናዋ ተገለበጠችበት። የአከርካሪ አጥንቱ ስለ ተጎዳ መጀመሪያ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ለስምንት ወራት ያህል ታክሞ ክንዶቹን ለመጠቀም በቃ፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልተራመዱም።

የአበበ ታላቅነት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንድቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተካፈለ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገባ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአንጎል ውስጥ ደም በመፍሰሱ አረፈ። እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚወጣው ምንድን ነው? መጀመሪያ መባል ያለበት ድህነት የሥልጠና ዘዴ አለመሆኑ ነው። በአበበ ዘመን ከሱሉልታና ከሌሎች የከተማዋ ዙሪያ መንደሮች በእግሩ የሚመላለስ ሠራተኛ አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። እንጨት የሚሸከሙ ሴቶች፣ ወተትና ሣር የሚያመጡ ገበሬዎች፣ ስማቸው በየትም ያልተጻፈ የሥራ ሰዎች ያንኑ ዳገት ወጥተዋል፤ ለብዙዎቹ መንገዱ ያተረፈላቸው የጉልበት ሕመም ነው። ከአበበ የሚለያቸው አንዱ ነገር ተመልካች ማጣታቸው ነው። ከእርሱ በኋላም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አካባቢ በየዕለቱ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ እንደ ነበር ይታወቃል፤ የግራ ክንዱንም ደብተር እንደ ታቀፈ ሰው አጥፎ የሚሮጠው ከዚያ ልማድ የተነሣ ነው ይባላል። በዚያው መንገድ ደብተር ታቅፈው ከሮጡት መካከል ስንቶቹ አሠልጣኝ አገኙ?

ሁለተኛው ቁም ነገር በየክፍላችን የሚፈጸም ነው። ከወርቃ ዙሪያ ቀበሌዎች የሚመጣ ልጅ ማለዳ ተነሥቶ፣ ምናልባትም በቡና ለቀማ ወራት እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ አድርሶ፣ ከዚያ ሰዓት እንዳይረፍድበት እየሮጠ ይመጣል። በአንዳንድ ትምህርት ቤት ይህ ልጅ ዘግይተሃል ተብሎ ሜዳውን እንዲዞር ይቀጣል። ሮጦ የመጣን ልጅ በሩጫ መቅጣት ልጁን ከመበደሉም በላይ ሩጫን ራሱን ማዋረድ ነው። መምህሩ በዓመቱ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ተማሪ ቤት ርቀትና የመንገዱን ዳገት ጠይቆ ከስሙ ጎን ቢጽፍ ሥራው የአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ማን ውሃና ዕረፍት እንደሚያስፈልገው፣ ማን ተጨማሪ ልምምድ እንደሚጎድለው፣ ማን ሰዓት ተይዞለት ቢታይ እንደሚያስደንቅ ያውቃል። ለውድድር ቀን ብቻ የሚወጣ የሰዓት መያዣ ይህንን አይነግረንም።

ሦስተኛው የራሳችን ጉዳይ ነው። ዛሬ በየከተማው ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት በእግር ወይም በሩጫ መመለስን በፈቃዱ የሚመርጥ ሠራተኛ ይታያል። ይህ የሚደገፍ ልማድ ነው፤ ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግማሹን መንገድ ብቻ መሮጥ፣ ዳገቱን በእርምጃ መውጣት፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን መወሰን ይበቃል። ዲላን አቋርጦ ወደ ሞያሌ በሚሄደው አስፋልት ዳር የሚሮጥ ሰው ደግሞ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየ መሮጥ፣ ሲመሽም ነጣ ያለ ልብስ መልበስ ይገባዋል።

በአሁኑ ዘመን ሱሉልታና እንጦጦ የታወቁ የሯጮች መለማመጃ ናቸው። ጎሕ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ በመኪና እየወጡ በዚያ የሚሮጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ሮጠው ሲጨርሱም በመኪና ወደ ከተማ ይመለሳሉ። ያ ስፍራ ለአበበ የሥራ ቀን ተፈጽሞ ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ ነበር። እንዲህ ያለ መንገድ በየወረዳችን፣ በየትምህርት ቤታችን ጀርባ አለ፤ ዛሬም ማታ ላይ የሚወጣው ሰው አለ። ማን እንደ ሆነ ማወቅ የእኛ የመምህራኑ ሥራ ነው።